ዱላ የሌለው ጎልፍ፦ የዲስክ ጎልፍ ቃላትና ሕግጋት ከነባሩ ጎልፍ ጋር ሲነጻጸሩ

እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ጂም ፊዩሪክ በኮኔቲከት ግዛት በተካሄደ ውድድር የመጨረሻ ቀን አሥራ ስምንቱን ጉድጓዶች በ58 ምት ብቻ ጨረሰ። የሜዳው ፓር 70 ነበርና ውጤቱ «ከፓር 12 በታች» ተብሎ ተመዘገበ፤ በታላቁ የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ዓመታዊ ውድድር ታሪክ 58 ምት ሲመዘገብም ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2018፣ ሌላው አሜሪካዊ ፖል መክቤት በሚሺጋን ግዛት በተካሄደ የዲስክ ጎልፍ ውድድር ላይ እንዲሁ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ተጫውቶ «ከፓር 18 በታች» አስመዘገበ። ሁለቱም ጨዋታዎች ጎልፍ ይባላሉ፤ ሁለቱም አሥራ ስምንት ጉድጓድ አላቸው፤ ሁለቱም ውጤትን በፓር ይቆጥራሉ። እንግዲያው መክቤት ከፊዩሪክ በስድስት ይበልጣል ማለት ነውን?

ጥያቄው የስፖርት ወሬ ቢመስልም በውስጡ ያለው ጉዳይ የልኬት ጉዳይ ነው። አንድ ቃል ከአንድ ሙያ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ስሙ እንዳለ ይሄዳል፤ የሚለካው ነገር ግን ከስሙ ጋር ላይሄድ ይችላል። የሳይንስ ተማሪ ይህን በየዕለቱ ያጋጥመዋል፤ በገበያ «ክብደት» የምንለውና በፊዚክስ ክፍል «ክብደት» የምንለው አንድ አለመሆናቸው ለዚህ አንዱ ምሳሌ ነው። ዲስክ ጎልፍ ከነባሩ ጎልፍ ቃላቱን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወርሷል። በእነዚህ ገጾች የምንመለከተው ከቃላቱ የትኞቹ ትርጉማቸውን ይዘው እንደ ተሻገሩ፣ የትኞቹ ስማቸው ብቻ እንደ ቀረ፣ ሕግጋቱስ ለምን እንደ ተለዋወጡ ነው። የፓርን ነገር ወደ መጨረሻው እናቆየው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ከፓይ ሳህን እስከ ሰንሰለት ቅርጫት

የነባሩ ጎልፍ የትውልድ ታሪክ ስኮትላንድ ውስጥ ነው። በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍን በሕግ ከለከለ፤ ምክንያቱም ወጣቶቹ በጨዋታው ተጠምደው ለጦርነት የሚያስፈልገውን የቀስት ልምምድ ችላ ብለው ስለነበር ነው። የተጻፉ ሕግጋት የወጡት ግን ዘግይቶ፣ በ1744 በሊዝ ከተማ ሲሆን፣ ብዛታቸውም አሥራ ሦስት ብቻ ነበር። በሴንት አንድሩስ ሜዳ የጉድጓዶቹ ቁጥር በ1764 አሥራ ስምንት እንዲሆን ተወሰነና ያ ቁጥር ቀስ በቀስ የዓለም ልማድ ሆነ። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊሜትር ሆኖ የጸናው በ1891 ነው።

ዲስክ ጎልፍ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ልጅ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ፊዩሪክ 58 ምት ባስመዘገበበት በዚያው በኮኔቲከት ግዛት መሆኑ አጋጣሚ ነው። በብሪጅፖርት ከተማ ፍሪዝቢ የተባለ የፓይ ጋጋሪ ድርጅት ነበር፤ የአካባቢው ተማሪዎች ፓዩን ከበሉ በኋላ የቆርቆሮ ሳህኑን እርስ በርስ ይወራወሩበት ነበር ይባላል። ፍሬድ ሞሪሰን የተባለ ካሊፎርኒያዊ ከፕላስቲክ የተሠራ የሚበር ሳህን ፈልስፎ በ1957 መብቱን ዋም-ኦ ለተባለ የመጫወቻ ዕቃዎች ኩባንያ ሸጠ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ዕቃውን «ፍሪዝቢ» ብሎ ሰየመው። በኩባንያው ይሠራ የነበረው ኤድ ሄድሪክ ደግሞ በሳህኑ ጀርባ ላይ ቀለበት መሰል መስመሮችን ጨምሮ በረራው እንዲረጋጋ አደረገ፤ ለዚህም በ1967 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው።

ያን ጊዜ ልጆችና ወጣቶች በየመናፈሻው ዛፍን፣ የመብራት ምሰሶንና የቆሻሻ መጣያን ዒላማ አድርገው በፍሪዝቢ «ጎልፍ» ይጫወቱ ነበር። በ1975 ሄድሪክ በካሊፎርኒያ ላ ካኛዳ ፍሊንትሪጅ በሚገኘው ኦክ ግሮቭ መናፈሻ ቋሚ ሜዳ ዘረጋ፤ ዒላማዎቹም በመሬት የተተከሉ ምሰሶዎች ነበሩ። ነገር ግን ምሰሶ ክርክር ይወልዳል፤ ዲስኩ ነካው ወይስ አልነካው? አንዱ «ድምፅ ሰምቻለሁ» ሲል ሌላው «ንፋስ ነው» ይላል። ሄድሪክ ለክርክሩ ያገኘው መፍትሔ ዛሬ የጨዋታው ምልክት የሆነው ዕቃ ነው፤ በምሰሶ ዙሪያ ሰንሰለቶች ይንጠለጠላሉ፣ ከሥራቸው የብረት ቅርጫት ይቀመጣል፤ ሰንሰለቱ የሚመጣውን ዲስክ አስቁሞ ወደ ቅርጫቱ ይጥለዋል። ለዚህ መሣሪያ በ1977 የባለቤትነት መብት አገኘ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1976፣ የባለሙያ ዲስክ ጎልፈኞች ማኅበርን መሥርቷል፤ ዛሬም የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ይኸው ማኅበር ነው። ሄድሪክ በ2002 ሲያርፍ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ የመታሰቢያ ዲስኮች ተሠርተውበታል፤ ኑዛዜው ነበርና።

ምትና ውርወራ

የሁለቱ ጨዋታዎች መሠረታዊ ልዩነት በአማርኛ ለማስረዳት ቀላል ነው። በገና ጨዋታ ሩሯን በዱላ እንለጋለን፤ በጉግስ ዘንጉን እንወረውራለን። ጎልፍ የፊተኛው ዘር ነው፣ ዲስክ ጎልፍ የኋለኛው። ስለዚህ ነባሩ ጎልፍ የሚቆጥረው ምትን ሲሆን፣ ዲስክ ጎልፍ የሚቆጥረው ውርወራን ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ግማሹ ሕግ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በጎልፍ የሚበረው ኳስ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለዋወጠው ዱላው ነው። ተጫዋቹ ከ14 ዱላ በላይ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። በዲስክ ጎልፍ ዱላ የለም፤ ክንዱ ዱላ ነው፣ እሱም አይለወጥም። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚለዋውጠው የሚበረውን ዕቃ ራሱን ነው፤ ምን ያህል ዲስክ መያዝ እንደሚችልም ሕጉ አይገድብም፤ ብዙዎች ሃያና ከዚያ በላይ ተሸክመው ይዞራሉ። ዲስኩ በአንድ ጊዜ ኳስም ዱላም በመሆኑ የዱላዎቹ ስሞች ወደ ዲስኮቹ ተላልፈዋል። «ድራይቨር» በጎልፍ ለሩቅ ምት የሚያገለግል ዱላ ነው፤ በዲስክ ጎልፍ ግን ጠርዙ ስል የሆነና ለሩቅ ውርወራ የሚሆን ዲስክ ነው። «ፓተር» በጎልፍ ኳሱን በጉድጓዱ አቅራቢያ የሚገፋ ዱላ፣ በዲስክ ጎልፍ ጠርዙ ደብዛዛና ቀስ ብሎ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዲስክ ነው። በሁለቱ መካከል «ሚድሬንጅ» የሚባለው ዲስክ አለ። የዛሬው ስል ጠርዝ የመጣው በ1983 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ሁሉ እንደ ተራው ፍሪዝቢ ደብዛዛ ጠርዝ ያላቸው ነበሩ።

የቁሳቁሱ ልክም በሕግ የተወሰነ ነው። የጎልፍ ኳስ ከ45.93 ግራም መብለጥ፣ ስፋቱም ከ42.67 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም። ዲስክ ስፋቱ ከ21 ሴንቲሜትር ማነስ የለበትም፤ ክብደቱም በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ስፋት ከ8.3 ግራም፣ በጠቅላላው ከ200 ግራም መብለጥ የለበትም። አንባቢ ማባዛት ይችላል፤ 21.1 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ዲስክ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት 175 ግራም ያህል ነው። በገበያ ላይ ብዙ ዲስኮች በዚህ አካባቢ የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም።

በጣም የሚያስቀው ቃል ግን «ጉድጓድ» ነው። ዲስክ ጎልፍ ጉድጓድ የለውም፤ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ቅርጫት ነው ያለው። ሆኖም ተጫዋቾቹ «ሰባተኛው ጉድጓድ» ይላሉ፤ ከመነሻው አንሥቶ እስከ ቅርጫቱ ያለውን መንገድ በሙሉ ማለታቸው ነው። ከእነርሱም በፊት ጎልፈኞች ራሳቸው ቃሉን በዚህ ሰፊ ትርጉም ይጠቀሙበት ስለነበር፣ ጠባቡ ትርጉም ቢጠፋም ሰፊው ብቻውን ተሻገረ። «ግሪን» የሚባለው ልስልስ ሣር ደግሞ በዲስክ ጎልፍ ጥቅም የለውም፤ ዲስኩ በአየር እንጂ በሣር ላይ አይሄድምና። በምትኩ በቅርጫቱ ዙሪያ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ራዲየስ ተወስዶ አንድ ክብ ይታሰባል፤ የክቡ ሕግ ኋላ ይመጣል።

የውጤት ስሞች እንዳሉ ተወርሰዋል። ከፓር አንድ ሲያንስ «በርዲ»፣ ሁለት ሲያንስ «ኢግል»፣ ሦስት ሲያንስ «አልባትሮስ»፣ አንድ ሲበልጥ «ቦጊ» ይባላል። በርዲ የመጣው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ አካባቢ አሜሪካውያን ግሩም የሆነን ነገር «ወፍ» ብለው ይጠሩ ከነበረበት የአራዳ አነጋገር ነው፤ አንዴ ወፍ ከገባ በኋላ የተሻለው ውጤት ተለቅ ያለ ወፍ መሆን ነበረበትና ንስሩ ተከተለ። አልባትሮስ ግዙፍ የባሕር ወፍ ሲሆን፣ ባሕር የሌለን እኛ ስም አላወጣንለትም፤ ስለዚህ «በርዲ»ን «ትንሿ ወፍ» ብሎ ለመተርጎም የሚሞክር ሰው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ መቆሙ አይቀርም። እኔ እንደ ተውሶ ቃል ይቆዩ እላለሁ።

የቦጊ ታሪክ ለጥያቄያችን ቁም ነገር አለው። ቃሉ በ1890ዎቹ በእንግሊዝ አገር ሲጀመር የጥሩ ተጫዋች ውጤት ማለት ነበር፤ ተጫዋቾች «ቦጊ» ከሚባል የማይታይ ባላጋራ ጋር እንደሚወዳደሩ ያስቡ ነበር። በኋላ በአሜሪካ «ፓር» የሚለው ቃል፣ ትርጉሙም «እኩል» የሆነው ላቲን፣ የበለጠ ጥብቅ መለኪያ ሆኖ ገባና የድሮው ቦጊ ከፓር አንድ ወደሚበልጠው ደረጃ ወረደ። ይህም ማለት መለኪያው በጎልፍ ቤት ውስጥ ራሱ አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሷል።

ዲስኩ የት ቆመ? ተጫዋቹስ?

በጎልፍ «ላይ» የሚባለው ኳሱ ያረፈበት ቦታ ነው፤ ኳሱ እዚያው እንዳለ ይመታል፤ ማንሣት በአመዛኙ ክልክል ነው። ዲስክ ግን መሬት ላይ እንዳለ ሊወረወር አይችልም። ስለዚህ ሕጉ ቦታውን ከዕቃው ወደ ሰውየው እግር ማዛወር ነበረበት። ተጫዋቹ ከዲስኩ ፊት ለፊት፣ ወደ ቅርጫቱ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ምልክት ዲስክ ያስቀምጥና የወረወረውን ያነሣል። ከምልክቷ ኋላ 20 ሴንቲሜትር ስፋትና 30 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው አራት ማዕዘን ይታሰባል፤ ዲስኩ ከእጁ በሚለቀቅበት ቅጽበት ቢያንስ አንድ እግሩ ወይም ሌላ የሰውነቱ ድጋፍ በዚያ ውስጥ መሆን አለበት፤ ከምልክቱ አልፎ ወደ ቅርጫቱ የቀረበ መሬትም መንካት የለበትም። ካጠፋ አንድ የቅጣት ውርወራ ይጨመርበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የክቡ ሕግ ይገባናል። ከቅርጫቱ በ10 ሜትር ውስጥ ያለ ተጫዋች ከወረወረ በኋላ ሚዛኑን ጠብቆ መቆሙን ሳያሳይ ወደ ፊት መራመድ አይፈቀድለትም። ከክቡ ውጭ ግን እየሮጡ መጥተው መወርወርና በሩጫው ማለፍ ይቻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቅርብ ርቀት ወደ ፊት እየወደቀ የሚወረውር ሰው ርቀቱን በእጁ ርዝመት ያሳጥራል፣ የሰውነቱን ፍጥነትም ለዲስኩ ያበድራል። ጎልፍ ይህን ሕግ አያውቀውም፤ ኳሱ ተጎንብሶ የሚመታ በመሆኑ አያስፈልገውም።

በሌሎች ነጥቦች ሁለቱ ጨዋታዎች እጅግ ይቀራረባሉ። የጠፋን ኳስ ወይም ዲስክ ለመፈለግ የሚሰጠው ጊዜ በሁለቱም ሦስት ደቂቃ ነው፤ ጎልፍ ከ2019 በፊት አምስት ደቂቃ ይፈቅድ ነበር። ካልተገኘ በሁለቱም አንድ ቅጣት ተቆጥሮ ወደ ቀድሞው ቦታ ይመለሳሉ። ከክልል የወጣው ግን ይለያል። በጎልፍ ከሜዳው ክልል የወጣ ኳስ ቅጣትም መመለስም ያስከትላል፤ በዲስክ ጎልፍ አንድ ቅጣት ተከፍሎ ዲስኩ ክልሉን ከለቀቀበት ነጥብ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ መቀጠል ይቻላል። ዲስክ እየታጠፈ ስለሚበር ከክልል ወጥቶ ተመልሶ ሊገባም ይችላል፤ የሚታየው ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው።

ዛፍ የዲስክ ጎልፍ ዋነኛ መሰናክል ነው፤ ጎልፍ አሸዋና ውኃ እንደሚፈራ ዲስክ ጎልፍ ግንድና ቅርንጫፍ ይፈራል። ዲስክ ዛፍ ላይ ከቀረ ምልክቱ በቀጥታ ከሥሩ መሬት ላይ ይደረጋል። ከሁለት ሜትር በላይ የተሰቀለ ዲስክ ቀድሞ ያስቀጣ ነበር፤ አሁን የሚያስቀጣው የውድድሩ አዘጋጅ አስቀድሞ ካወጀው ብቻ ነው። አዘጋጁ «ማንዶ» የሚባል ሕግም ሊያክል ይችላል፤ ዲስኩ ከተወሰነ ዛፍ ወይም ምሰሶ በዚህኛው ጎን ብቻ እንዲያልፍ የሚያስገድድ ነው። በጎልፍ ለዚህ አቻ የለውም።

ውርወራውን ለማጠናቀቅ ዲስኩ በቅርጫቱ ወይም በሰንሰለቱ ተደግፎ ማረፍ አለበት። ሰንሰለቱን መትቶ መሬት ከወደቀ አይቆጠርም፤ ከቅርጫቱ ክዳን አናት ላይ ካረፈም እንዲሁ። በጎልፍ ሜዳ ጉድጓዱ ሲያልቅ የሚሰማው የኳሱ ቃጭልታ ነው፤ በዲስክ ጎልፍ የሰንሰለት ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ በ2021 በዩታ ግዛት ኦግደን ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ላይ ያደረገውን የተመለከተ ሰው አይረሳውም። ጄምስ ኮንራድ በመጨረሻው ጉድጓድ ከመክቤት በአንድ ውርወራ ይመራ ነበር፤ ማለትም ተመሪው እሱ ነበር። ከቅርጫቱ 75 ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ፣ ከገባለት እኩል፣ ካልገባለት ተሸናፊ ነበር። ዲስኩ ተጎንብሶ መጣና በሰንሰለቱ መካከል ቆመ። በተጨማሪው ጉድጓድም ኮንራድ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

ዳኛ በሁለቱም ጨዋታዎች በየቡድኑ አይቆምም። በ1925 የአሜሪካ ኦፕን ቦቢ ጆንስ ኳሱ እንደ ተንቀሳቀሰ ማንም ሳያይ በራሱ ላይ አንድ ምት ቅጣት አስቆጠረ፤ በመጨረሻም በተደገመው ጨዋታ ዋንጫውን አጣ። ዲስክ ጎልፍ ይህን ልማድ ለቡድኑ አከፋፍሎታል፤ የእግር ጥፋትን አንዱ ተጫዋች ሲጠቁም ሌላው ያጸድቀዋል። በተግባር ከባድ ነው፤ አብሮህ የሚውለውን ጓደኛህን መክሰስ ማን ይወዳል?

አየሩ ምን ያደርጋል?

የሁለቱ ዕቃዎች በረራ ለፊዚክስ ተማሪ እውነተኛ ግብዣ ነው። ሁለቱም ይሽከረከራሉ፤ የእሽክርክሪታቸው ሥራ ግን ተቃራኒ ነው ለማለት ይቻላል።

የጎልፍ ኳስ ሉል ነው፤ ሉል ክንፍ አይደለም። በአየር የሚያነሣውን ኃይል የሚያገኘው ከእሽክርክሪቱ ነው፤ ዱላው ኳሱን ወደ ኋላ እያሽከረከረ ስለሚሰድደው በላዩ ያለው አየር ይፈጥናል፣ ፍሰቱም ወደ ታች ይታጠፋል፣ ኳሱም ወደ ላይ ይገፋል። ማግነስ ውጤት የሚባለው ይህ ነው። በላዩ የሚታዩት ጎድጓዳ ነጥቦች ደግሞ በቆዳው አጠገብ ያለውን አየር አናውጠው ከኳሱ ቶሎ እንዳይላቀቅ ያደርጋሉ፤ ከኋላው የሚፈጠረው ጎታች ክፍተት ስለሚጠብ ኳሱ ልሙጥ ቢሆን ከሚሄደው እጥፍ ያህል ይሄዳል።

ዲስክ ግን ራሱ ክንፍ ነው። የሚያነሣውን ኃይል የሚያገኘው ከቅርጹና ከአየሩ ጋር ከሚሠራው አንግል ነው፤ እሽክርክሪቱ የሚያገለግለው እንዳይገለበጥ ብቻ ነው። የማይሽከረከር ዲስክ እንደ ወደቀ ቅጠል ይገለባበጣል። የሚሽከረከር ዲስክ አንጉላር ሞመንተም ስላለው እንደ እንዝርት ይጸናል፤ አየሩ ሊገለብጠው ሲሞክርም የሚሰጠው መልስ እንግዳ ነው፤ አፍንጫው ወደ ላይ ሲገፋ ወደ ጎን ይዘነበላል።

አንባቢ በላስቲክ ሳህን ሊሞክረው ይችላል። በቀኝ እጅ፣ ክንድን ወደ ደረት ሰብስቦ ወደ ፊት በመዘርጋት የተወረወረ ዲስክ ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራል። ፍጥነቱ ከፍ ባለበት ጊዜ የማንሻው ኃይል ማዕከል ከዲስኩ መካከል ወደ ኋላ ያፈገፍግና አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል፤ ዲስኩ ይህን ወደ ቀኝ በመዘንበል ይመልሳል። ፍጥነቱ ሲደክም ማዕከሉ ወደ ፊት ይመጣል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይገፋል፣ ዲስኩም ወደ ግራ ያዘነብላል። መጀመሪያ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፤ የበረራው ዱካ ከላይ ሲታይ ጠመዝማዛ ነው። ተጫዋቾች የፊተኛውን «ተርን»፣ የኋለኛውን «ፌድ» ይሉታል፤ በብዙ ዲስኮች ላይ ከፍጥነትና ከመንሳፈፍ ቁጥሮች ጋር እነዚህም በቁጥር ታትመው ይገኛሉ። ቁጥሮቹ የአምራቾች ግምት እንጂ አሃድ ያላቸው ልኬቶች እንዳልሆኑ ግን መታወቅ አለበት። ዲስኩን አስቀድሞ ወደ ፌድ አቅጣጫ አዘንብሎ መወርወር «ሃይዘር»፣ በተቃራኒው «አንሃይዘር» ይባላል። እነዚህ ከጎልፍ ያልተወረሱ፣ ዲስኩ ራሱ የወለዳቸው ቃላት ናቸው።

በጉልበት ስንመዝናቸው ባለሙያ የመታው ኳስ በሴኮንድ 75 ሜትር ያህል ሲነሣ 129 ጁል ገደማ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይይዛል፤ በሴኮንድ 27 ሜትር የተወረወረ 175 ግራም ዲስክ ግማሹን ያህል፣ 64 ጁል ገደማ ይይዛል። ቢሆንም ዲስክ በንፋስ ከታገዘ ይደንቃል፤ ዴቪድ ዊጊንስ በ2016 በኔቫዳ በረሃ 338 ሜትር ወርውሯል።

ለእኛ ደጋ ለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር። በ2400 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም በአዲስ አበባ አካባቢ፣ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የጎልፍ ኳስ የሚጎትተው ስለሚቀንስ እዚህ ይርቃል። ዲስክ ግን የሚደግፈው አየር ይጎድለዋል። የአየር ኃይል ከእፍግታውና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር የሚመጣጠን በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ በሴኮንድ 27 ሜትር የተወረወረ ዲስክ የሚሰማው ኃይል በባሕር ዳርቻ በሴኮንድ 24 ሜትር እንደ ተወረወረው ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ወደ ፌዱ ይገባል። በኮሎራዶ ተራሮች የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ያውቁታልና በቀላሉ ወደ ተርን የሚሄዱ ዲስኮችን ይመርጣሉ።

ፓር ምን ይለካል?

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በ1911 የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ፓርን በርቀት ወሰነው፤ እስከ 225 ያርድ፣ ማለትም 206 ሜትር ያህል፣ ያለ ጉድጓድ ፓር 3 ሆነ። ከዚህ በስተጀርባ ያለው ስሌት ኳሱን ግሪን ላይ የሚያደርሱ ምቶች ሲደመሩ ሁለት የፓተር ምት ነው። ስለዚህ በ18 ጉድጓድ ውስጥ 36 የፓተር ምት አስቀድሞ ተፈቅዷል። ይህ ልግስና አይደለም፤ ምርጥ ባለሙያዎች እንኳ ከ2.4 ሜትር ላይ ከሁለት ሙከራ አንዱን ያህል ይስታሉ። ኳሱ በሣሩ ተዳፋት ላይ ይንከባለላልና።

ዲስክ ጎልፍ «ፓር 3» የሚለውን ስም ሲወርስ ሁለቱን የፓተር ምት የሚያጸድቀውን ምክንያት አልወረሰም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉድጓዶቹን ሁሉ ፓር 3 አድርጎ መቁጠር የተለመደ ነበር። አሁን 90 ሜትር የሚርቅ ቅርጫት እናስብ፤ ባለሙያው በመጀመሪያ ውርወራው ከቅርጫቱ አጠገብ ያደርሰዋል፤ ሁለተኛው ከ10 ሜትር ክብ ውስጥ ነው፣ ዲስኩም ሣር ሳይነካ በአየር ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ ይገባል። ሁለት ውርወራ። ይህ ሰው «በርዲ» ሠራ ይባላል፤ ነገር ግን ከእሱ የሚጠበቀውን ነው የሠራው። በ18 ጉድጓድ ይህን ቢደግም ከፓር 18 በታች ይሆናል። የመክቤት ቀን እንዲህ ተራ አልነበረም፤ በዚያ ደረጃ ማንም ከዚያ በፊት ያን ያህል አልወረደም፤ ሜዳውም ረጅም፣ ከፓር 3 በላይ የሆኑ ጉድጓዶች ያሉበት ነበር። ዳሩ ግን የእሱ 18 እና የፊዩሪክ 12 የተቆጠሩት በተለያየ ክንድ ነው፤ አንዱን ከሌላው መቀነስ ሜትርን ከያርድ እንደ መቀነስ ነው።

ሁለቱም ስፖርቶች ችግሩን ስለሚያውቁ ሌላ ሚዛን ሠርተዋል። ጎልፍ የሜዳውን አስቸጋሪነት የሚያሰላ የሃንዲካፕ ሥርዓት አለው። ዲስክ ጎልፍ ፓርን ጨርሶ ወደ ጎን ይተውና ያን ቀን በዚያው ሜዳ የተጫወቱትን ሰዎች ውጤት እርስ በርስ ያመዛዝናል፤ 1000 ነጥብ የጠንካራ ባለሙያ መነሻ ሲሆን፣ የዓለም ምርጦቹ ከ1050 ነጥብ በላይ ይቀመጣሉ። የማኅበሩ ሕግ ዛሬ ፓርን የሚተረጉመው በርቀት ሳይሆን፣ ልምድ ያለው ተጫዋች በተለመደ የአየር ሁኔታ ያለ ስህተት ይጨርሰዋል ተብሎ በሚጠበቀው ውርወራ ነው። 100 ሜትር ክፍት መስክና 100 ሜትር ጥቅጥቅ ያለ ጫካ እኩል ስላልሆኑ የ1911ዱ ዓይነት የርቀት ሠንጠረዥ እዚህ አይሠራም፤ ስለዚህ የውድድሩ አዘጋጅ ሜዳውን በእግሩ እየዞረ፣ በዛፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በዓይኑ እየለካ፣ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ፓር ይወስናል።